ሙዚየም የዋለ ሽማግሌ

ሙዚየም መጎብኘት መንፈስ ያድሳል የሚባለው ውሸት ነው። መንፈስ የት እንደሚገኝ የሚያሳየኝ ሰው ስላላጋጠመኝ ታደሰ፣ አልታደሰ ብዬ መመስከር አልችልም። ተረከዝ ግን የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ሙዚየም ምን እንዳደረገውም አውቃለሁ። ሰውን ያለ ጥፋቱ ቀኑን ሙሉ አቁመው፣ በዚያ ላይ "እንዴት ደስ ይላል!" እንዲል የሚጠብቁበት ሌላ ቦታ በዓለም ላይ የለም። ወታደር እንኳ ሲቆም ለምን እንደቆመ የሚነግረው አዛዥ አለው።

ሥዕል እጠላለሁ ማለቴ አይደለም። ሥዕል የምወደው ግን በመጽሐፍ ታትሞ፣ መጽሐፉ ጭኔ ላይ ተቀምጦ፣ እኔ ደግሞ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ነው። ሁለታችንም ከተቀመጥን እንግባባለን። ይህን ስል "ኧረ ዋናውን ማየት ሌላ ነው!" የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ ሌላ ነው። ከዋናው ፊት ረጅም ፈረንጅ ቆሟል።

እንዲህ የሚያስብ ሰው ባለፈው ቅዳሜ በዴንቨር የሙዚየምና የጋለሪ ሰፈር ውስጥ፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ አዲስ ጫማ ተጫምቶ ምን ሲያደርግ ዋለ? ጥፋቱ የምላሴ ነው።

የባለቤቴ አጎት ጋሽ ይልማ ከቪየና መጥተው ዴንቨር ጎን ባለችው አውሮራ እኛ ቤት፣ ሎውሪ ሰፈር አጠገብ አርፈው ነበር። ቪየና በተማሪነት ሄደው እዚያው ያረጁ ሰው ናቸው። ያረጁት ግን ከወገብ በላይ ነው። ፀጉራቸው ነጥቷል፣ ዐይናቸው መነጽር ይፈልጋል፣ እግራቸው ግን ዕድሜያቸውን ገና አልሰማም። በየማለዳው በወንዝ ዳር በእግር ካልተጓዙ ቁርስ አይወርድላቸውም። ከዘራ ይይዛሉ፤ ለመጠቆሚያ እንጂ ለመደገፊያ አይደለም።

ጋሽ ይልማ ስለ ቪየና የሙዚየም ሰፈር ሲያወሩ ስለ አባታቸው ርስት የሚያወሩ ይመስላሉ። "ድሮ የንጉሡ የፈረስ ጋጣ የነበረ ግቢ ነው። አሁን ዙሪያውን ሙዚየም ነው። ፈረስ በቆመበት ሥዕል ቆሟል። አያችሁ ሥልጣኔን?" ይሉናል። አንድ ቀን እራት ላይ ይህንኑ ለስንተኛ ጊዜ ካሉ በኋላ ወደ እኔ ዞሩና፣ "ይኼ የእናንተ ዴንቨር ግን ምን አለው? መኪና ማቆሚያ፣ መኪና ማቆሚያ፣ ከዚያ ተራራ" አሉ።

ይህን ነገር እኔ ራሴ ቃል በቃል ለዓመታት ስናገረው ኖሬአለሁ። ለጓደኞቼ፣ ለባለቤቴ፣ ፀጉር አስተካካዬ ወንበር ላይ ሆኜ ለፀጉር አስተካካዬ ብዬዋለሁ። ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው ግን ነጭ ውሸት ሆኖ ታየኝ። ተፈጥሮዬ ነው። ሰው ከእኔ ጋር ከተስማማ ሐሳቤን እጠረጥራለሁ።

"ተሳስተዋል ጋሽ ይልማ፣" አልኩ። "ዴንቨር ታሪክ ያለው የኪነ ጥበብ ሰፈር አላት። እኔው ራሴ አስጎበኝዎታለሁ።"

ባለቤቴ ትዕግሥት ውሃ መቅዳቷን አቆመች። "አንተ ሄደህ ታውቃለህ እንዴ?"

"በአጠገቡ አልፌአለሁ።"

"መቼ?"

"ፍርድ ቤት ለጁሪ የተጠራሁ ጊዜ።"

"እና መቼ ልትወስዳቸው ነው?"

"ቅዳሜ።"

"ቅዳሜ ሽምግልና ነው እኮ!"

"ሽምግልናው ከሰዓት ነው። ጠዋቱ ምን ይሠራል?"

ትዕግሥት ስሟን ያወጡላት ሰዎች ምን ያህል እንደተሳሳቱ በሚያሳይ አስተያየት አየችኝ።

የሽምግልናው ነገር እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ ሚኪ እና ሃና የምትባል ልጅ ከተዋደዱ ቆይተዋል። ሃና እዚሁ ዴንቨር፣ ሞንትቤሎ ሰፈር ነው ያደገችው፤ አባቷ አቶ ደምሴ ዕድሜያቸውን በታክሲ መንዳት፣ ጉልበታቸውን በፔዳል ላይ የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። ልጅቷ "አባቴ ሳይመርቀን አላገባም" ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። አባቷ ደግሞ "እንደ ወጉ ሽማግሌ ሳይላክ አልመርቅም" ብለዋል። ባለፈው ወር የተላኩት ሽማግሌዎች ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል፤ አንደኛው ገና ሰላምታው ሳያልቅ የዋይፋይ ቁጥር ስለጠየቀ ነው ይባላል። ከዚያ ወዲያ አቶ ደምሴ በልጃቸው በኩል የላኩት መልእክት፣ "ሽማግሌ ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቁ ሰዎች አንድ ጊዜ ብቻ ይምጡና ልያቸው" የሚል ነበር። ስለዚህ በዚህኛው ዙር ጋሽ ይልማ መሪ ሆኑ፤ እኔና ጓደኛዬ ኃይሉ አጃቢ ሆንን።

ለማያውቅ ላስረዳ። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲገባ ባለቤቱ "ተቀመጡ" ይላል። ሽማግሌ አይቀመጥም። "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ይላል። ባለቤቱም እንግዳ አቁሞ መቀመጥ ነውር ስለሆነበት አብሮ ይቆማል። ከዚህ በኋላ ያለው ነገር የንግግር ውድድር ይመስላል እንጂ የጉልበት ውድድር ነው። መሪው ይናገራል፣ አባት ይግደረደራል፣ ሁሉም ይቆማል። አባትየው "እሺ፣ ሰምቻችኋለሁ፣ አሁን ተቀመጡ" እስኪሉ ድረስ ወንበር የሚባል ነገር አልተፈጠረም። ሽማግሌ ከመቆም ሌላ መሣሪያ የለውም። የተቀመጠ ሽማግሌ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ይበላል እንጂ አይጠይቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኪ ደወለ።

"አጎቴ፣ ሙዚየም ልትሄዱ ነው የሚባለው እውነት ነው? ሲሪየስሊ? ዛሬ?"

"ለጥቂት ሰዓት ነው። አትጨነቅ።"

"ኦኬ፣ ሊስን። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ። እሳቸው እሺ ሳይሉ እንዳትቀመጥ። ፕሊስ። ወንበር ስታይ ራስህን አታውቅም፤ ዩ ኖው ኢት።"

ተቀየምኩ። ሰው በገዛ እህቱ ልጅ እንዲህ መባል አለበት? አሁን ሳስበው ግን ልጁ ያወቀኝን ያህል እኔ ራሴን አላውቅም ነበር።

ትዕግሥት ተመልሰን ልብስ የምንቀይርበት ጊዜ እንደማይኖር አስቀድማ ስለገባት ሁለታችንንም የሽምግልና ልብሳችንን አልብሳ አስወጣችን። ጋሽ ይልማ ሱፋቸው ላይ ጋቢ ደረቡ። ለእኔ አዲስ ጥቁር ጫማ ወጣልኝ። ጫማው ቆንጆ ነው። የሠራው ሰው ግን የሰው ልጅ አምስት ጣት እንዳለው አልተነገረውም።

የኮልፋክስን ጎዳና ይዘን ወረድንና መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ጀመርን። ዞርን። ደግመን ዞርን። አንዱ ሞልቷል፣ አንዱ ለሠራተኛ ብቻ ነው፣ አንዱ ተቆፍሯል።

"ዴንቨር መኪና ማቆሚያ ብቻ ናት ብለውኝ አልነበር?" አልኩ መሪውን እየጠመዘዝኩ።

"አሁንም እላለሁ። ግን ሞልቷል" አሉ ጋሽ ይልማ።

በመጨረሻ ፓርክ ያደረግኩበት ቦታ ከሙዚየሙ ይልቅ ለቤታችን የሚቀርብ መሰለኝ። "እኛ ጋ ሁሉም በእግሩ ነው የሚሄደው" ብለው ጋሽ ይልማ ጋቢያቸውን አስተካክለው ፊት ፊት ወጡ። ከዝቅተኛ ቦታ የመጣ ሰው ከፍታ ላይ ያለችው ዴንቨር ሲደርስ ትንፋሽ ያጥረዋል ሲባል እሰማለሁ። ቪየና ተራራ ላይ አይደለችም። ትንፋሽ ያጠረው ግን የዴንቨሩ ነዋሪ ነው።

ሙዚየሙ ውስጥ ገባን። ከውጭ ሲታይ ሹል ሹል ማዕዘን ያለው፣ አንድ ሰው ተናዶ ጨምድዶ የወረወረው ወረቀት የሚመስል ሕንጻ ነው። ከውስጥ ደግሞ ግድግዳው ዘንበል ያለ ነው። ሰው ሲደክመው ግድግዳ ይደገፋል፤ እዚህ ግን ግድግዳው ልደገፈው ስል ወደ ኋላ ይሸሸኛል፣ በወዲያኛው በኩል ደግሞ በላዬ ላይ ይመጣብኛል። ይህን ግድግዳ የነደፈው ሰው የሚደገፍ ሰው አይወድም።

ጋሽ ይልማ ከእያንዳንዱ ዕቃ አጠገብ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያነባሉ። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ያነቡታል። ከዚያ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ በጀርመንኛ ያመዛዝኑታል። ከዚያ በአማርኛ ይነግሩኛል። አንዱን የሸክላ ድስት ሦስት ጊዜ ጎበኘሁት። ሦስቱንም ጊዜ ድስት ነበር።

በአዳራሹ መካከል አንዲት መቀመጫ አየሁ። አንዲት ሴትዮ ከነቦርሳዋና ከነኮቷ ተጋድማባታለች። በሙዚየሙ ውስጥ ከልቧ ደስተኛ ሆና ያየኋት ሰው እርሷ ብቻ ናት።

"እኛ ጋ ግቢው መካከል ሰው የሚጋደምባቸው ትላልቅ መቀመጫዎች ተደርድረዋል፣" አሉ ጋሽ ይልማ። "ቀለማቸው ደግሞ በየጊዜው ይለወጣል።"

"ጋሽ ይልማ፣ እባክዎ ስለ መቀመጫ አያንሱብኝ።"

"ደከመህ እንዴ? በዚህ ዕድሜህ?"

አልደከመኝም አልኩ። ሰው ለምን እንደሚዋሽ የሚመራመሩ ሊቃውንት ሙዚየም ይምጡ።

ዘመናዊ ሥራዎች የሚታዩበት ክፍል ስንደርስ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። አንድ ጥግ አገኘሁና፣ "ጋሽ ይልማ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ቆም እንበል" አልኩ። በስተቀኛችን ከሽቦ የተሠራ ነገር አለ፤ በስተግራችን ከጨርቅ የተሠራ ነገር አለ፤ መካከል ላይ ባዶ ግድግዳና አንዲት የጽሑፍ ወረቀት አለች። እዚያ ቆምን።

"ከቆምን አይቀር ንግግሬን ልለማመድ፣" አሉ። "አንተ ደምሴን ሁን። ምንም አትበል። ዝም ብለህ ክፉ መስለህ ቁም።"

ክፉ ለመምሰል ጥረት አላስፈለገኝም፤ ጫማው ረዳኝ።

ጋሽ ይልማ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው ጀመሩ። "እንደምን ዋላችሁ የዚህ ቤት ባለቤቶች! ከሩቅ የመጣነው እህል ውሃ ፈልገን አይደለም። እናንተ ጓሮ አንዲት አበባ አለች፤ እኛ ቤት ደግሞ ውሃ ይዞ የሚጠብቅ ልጅ አለ..." ድምፃቸው ለዚህ የተፈጠረ ነው። አዳራሹ አስተጋባ። እኔ ፊቴን አጨፍግጌ ቆሜአለሁ። አንድ ሰው ቆመ። ከዚያ ሁለት ሴቶች ቆሙ። ከዚያ ግማሽ ክብ ሠርተው ከበቡን። አንዱ በመካከላችን ያለችውን ወረቀት ቀረብ ብሎ አነበበና እኛን ከላይ እስከ ታች እያየ ራሱን ነቀነቀ።

ቀስ ብዬ፣ "ጋሽ ይልማ፣ ሰዎቹ ትርዒት የሆንን መስሏቸዋል" አልኩ።

"ታዲያ ምን ችግር አለው?" አሉና ድምፃቸውን ጨመሩ።

ሲጨርሱ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አንዲት ነጭ ሴትዮ ዐይኗን ጠረገች። አንድ ጢማም ሰው ቀርቦ ቀጣዩ ትርዒት መቼ እንደሆነ በአክብሮት ጠየቀ። ጋሽ ይልማ ከወገባቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሱና በጥሩ እንግሊዝኛ፣ "ከሰዓት በኋላ፣ ሞንትቤሎ" አሉት።

መከራዬ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ለአርባ ዓመት ቪየና የኖረ፣ የሚያዳምጠው አጥቶ ወሬ የተከማቸበት ሰው በአንድ ጊዜ ተጨበጨበለት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጋሽ ይልማ ሽማግሌ መሆናቸው ቀርቶ አርቲስት ሆኑ። "ንግግሩ አጭር ነው" አሉኝ። "ሕዝቡ ገና እየሞቀው ሳለ አለቀ። ስለ ቪየናም አንድ ነገር ማስገባት አለብኝ።" ከሙዚየሙ ስንወጣ ወደ መኪናው እንሂድ ብል ሰሚ አጣሁ። የከተማው አርቲስቶች የሚገኙበት ሳንታ ፌ ጎዳና መሆኑን ከጢማሙ ሰውዬ ሰምተዋል።

"በእግር ይርቃል፤ በዚያ ላይ ሰዓቱ..." አልኩ።

"አንተ አይደለህ እንዴ ታሪክ ያለው ሰፈር አለን ያልከው?"

አዎ፣ እኔ ነኝ። ይህ አፍ።

አንዲት ጅረት ተሻግረን፣ መኪና የሚግተለተልበትን መንገድ አቋርጠን ሳንታ ፌ ጎዳና ደረስን። የድሮ መጋዘንና ሱቅ የነበሩ የጡብ ቤቶች ናቸው፤ አሁን ጋለሪ ሆነዋል። እንደ ቪየናው ጋጣ መሆኑ ነው፤ ልዩነቱ እዚያ ፈረስ ነበር፣ እዚህ ጎማ። ጋሽ ይልማ ከአንዱ ወደ አንዱ ይገባሉ፤ እኔ ከኋላ እጎተታለሁ። በየበሩ ሰዎች ጋቢያቸውን ያደንቁላቸዋል፤ እሳቸውም በየበሩ ስለ ፈረሶቹ ይናገራሉ።

ስሙን ወደማላስታውሰው አንድ ትንሽ ጋለሪ ስንገባ አየሁት። በባዶ ክፍል መካከል አንድ የእንጨት ወንበር። ብቻውን። ቀላል፣ ደረቅ፣ ባለ አራት እግር ወንበር። ከበላዩ መብራት ወርዶበታል። የበረሃ መንገደኛ ምንጭ ሲያይ ምን እንደሚሰማው ያን ጊዜ ገባኝ። ሄድኩና ተቀመጥኩ። ዐይኔን ጨፈንኩ። ጋለሪው ጠፋ፣ ጫማው ጠፋ፣ ዓለም ሰላም ሆነች።

"ሰር! ሰር! ኦ ማይ ጋድ፣ ሰር!"

ዐይኔን ስገልጥ አንዲት ወጣት ሴት እጆቿን ጉንጮቿ ላይ አድርጋ ቆማለች። ወደ ግድግዳው ጠቆመችኝ። የሥራው ርእስ "ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር" ይላል። አናጺው ከሠራበት ዕለት ጀምሮ ማንም እንዳይቀመጥበት ሲጠበቅ የኖረ ወንበር ነው። የሥራው ትርጉምም፣ ዋጋም፣ ነፍስም እርሱ ነው። አሁን ያ ሁሉ ነፍስ እኔ ሥር ነበር።

ይቅርታ ጠየቅኩ። ልጅቷ ለአርቲስቱ ምን ብላ እንደምትነግረው ግራ ገብቷት እንባ እንባ አላት። ርእሱን "አንድ ኢትዮጵያዊ ብቻ የተቀመጠበት ወንበር" ማለት እንደሚቻል ሐሳብ አቀረብኩ። አልሳቀችም።

ጋሽ ይልማ ከዘራቸውን ወደ ደረቴ ቀሰሩ። "አንተ ሰውዬ! በዚህ ሁሉ ሥዕል መካከል ያየኸው ነገር ወንበር ብቻ? ደምሴ ቤት ምን ልትሆን ነው?"

"እዚያ እቆማለሁ።"

"እስቲ እናያለን።"

ወደ መኪናው የተመለስንበትን መንገድ አልተርክም። መኪና ውስጥ ስቀመጥስ አላረፍኩም ወይ? አላረፍኩም። ዘግይተናል፤ አይ ሰባ የሚባለው አውራ ጎዳና በመኪና ተዘግቷል፤ ጋሽ ይልማ አጠገቤ ሆነው የተራዘመውን ንግግር ይለማመዳሉ፤ ስልኬ ላይ ሚኪ ደጋግሞ ይጮሃል። በዚያ ላይ እግሬ ጫማው ውስጥ አብጦ ፍሬኑን ስረግጥ ማን ማንን እንደረገጠ አላውቅም።

ሞንትቤሎ ስንደርስ ኃይሉ ከአቶ ደምሴ ደጅ ይንጎራደዳል።

"የት ነው የጠፋችሁት? እኔ እዚህ እንደ ዘበኛ ስቆም ጎረቤቱ ሁሉ አየኝ እኮ! አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው እንደዚህ የምትራመደው? እሾህ ላይ ነው እንዴ የዋልከው?"

"ሙዚየም።"

"እሱን አይደለም የጠየቅኩህ" አለ።

ገባን። ሳሎኑ ሰፊ አይደለም፤ ሶፋና በዙሪያው የተደረደሩ ወንበሮች ይዘውታል። ሁሉም ወንበር ወፍራም ስፖንጅ አለው። አቶ ደምሴ ቆመው ተቀበሉን፤ ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ፊታቸው እንደ ዳኛ ነው። ከማድ ቤት በኩል የሃና ጥላ ይታያል።

"እንኳን ደህና መጣችሁ። ተቀመጡ።"

"ጉዳይ አለን። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ይልማ። ግሩም! አቶ ደምሴ ገረመም አድርገው አዩን፤ የዋይፋይ ጠያቂ እንዳልሆንን ገባቸው። እሳቸውም ቆመው ቀሩ።

ንግግሩ ተጀመረ። አበባዋ መጣች፣ ውሃው መጣ። እንደ ወጉ ቢሆን እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። ግን ጋሽ ይልማ በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ጭብጨባ ይጠብቃሉ፤ ጭብጨባ ሲጠፋ ደግሞ ያላማረ መስሏቸው ይጨምራሉ። "በቪየና ከተማ፣ ክቡር አቶ ደምሴ፣ የንጉሡ ፈረሶች የሚቆሙበት ጋጣ ነበር..."

"ፈረሶቹ የት ሄዱ?" አሉ አቶ ደምሴ።

ኃይሉ በክርኑ ጎሰመኝ። እኔ ግን ኃይሉን አልሰማውም። የግራ ተረከዜ ሄዷል። የቀኙ እየተሰናበተኝ ነው። ከኋላዬ አንድ ወንበር እንዳለ አላየሁትም፤ ግን አውቄዋለሁ። ሙቀቱ ይሰማኛል። ሚኪን አሰብኩ። "አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ" ያለኝን አሰብኩ። ጥርሴን ነከስኩ። ቀና ስል አቶ ደምሴን አየሁ፤ አንድ እጃቸው የሶፋውን መደገፊያ ጨብጧል። ግንባራቸው ላብ አውጥቷል። ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል። የዚህ ነገር ትርጉም ቢገባኝ ኖሮ!

"...እና ፈረሶቹ በቆሙበት ዛሬ ጥበብ ቆሟል! እንደዚሁም የእኛ ልጅ..." አሉ ጋሽ ይልማ።

አቶ ደምሴ አፋቸውን ከፈቱ። "እ..." አሉ።

እኔም ተቀመጥኩ።

ልቀመጥ ብዬ አልተቀመጥኩም። እግሬ እኔን ሳያማክር ውሳኔ አስተላለፈ። ስፖንጁ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ማድ ቤት ውስጥ አንድ ሳህን ወደቀ።

አቶ ደምሴ እኔን አዩ፤ ወንበሩን አዩ። ከዚያ ፊታቸው ልደቱ እንደተከበረለት ልጅ በራ። "ተመስገን!" ብለው ሶፋቸው ላይ ዘጭ አሉ። "እንግዶቼ ተቀመጡልኝ! ሃና! ምግቡን አምጪ!"

"አቶ ደምሴ፣ ጉዳያችን..." አሉ ጋሽ ይልማ ብቻቸውን ቆመው።

"የምን ጉዳይ? እንግዳ ምን ጉዳይ አለው? እንግዳ ይበላል! ይቀመጡ አባቴ፣ ከሩቅ መጥተዋል።"

የተበላው ነገር ጥሩ ነበር። ጥብሱ ጥሩ ነበር፤ ክትፎው ጥሩ ነበር፤ ሁሉም እንደ ጉድ ጥሩ ነበር፣ ምክንያቱም ሃና ለእጮኛዋ ሽማግሌዎች ብላ ከጠዋት ጀምሮ የሠራችው ነው። ጋሽ ይልማ "ለመሆኑ ልጃችን..." ሲሉ አቶ ደምሴ ያጎርሷቸዋል። ኃይሉ "እኛ የመጣነው..." ሲል ያጎርሱታል። እኔ ምንም አላልኩም፤ እኔንም አጎረሱኝ። ሃና ከፊቴ ቆማ፣ "ልጨምርልህ? ተመችቶሃል? ወንበሩ ኦኬ ነው?" አለችኝ። አባቷ ሰሙ፤ ሳቃቸውን ለመዋጥ ውሃ ጠጡ። እኔ ግን ልጅቷን ቀና ብዬ ለማየት አልደፈርኩም። ዐይኖቿ ቀልተው ነበር።

በር ላይ ሲሸኙን አቶ ደምሴ እጄን ያዙ። ድምፃቸው ለስልሷል። "እውነቱን ልንገርህ? እሺ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ጉልበቴ አልቆ ነበር። ልጁንም እወደዋለሁ። ግን ሽማግሌ ቆሞ ሳያሸንፈኝ ልጄን ሰጠሁ ብዬ ለማን አወራለሁ? ለሚቀጥለው ቅዳሜ ላኩ። እንግዳ አትላኩብኝ፤ ሽማግሌ ላኩ። ከዚያ በኋላ ግን በሬን እንዳታንኳኩ።"

መኪናው አጠገብ ኃይሉ ከላይ እስከ ታች አየኝ። "አንድ 'እሺ' ነበር የቀረችን። አንድ ፊደል ወጥታ ነበር እኮ! 'እ' ብለው ነበር! አንዷን ፊደል መጠበቅ አቃተህ?" አለ። "ቅዳሜ እኔ እመጣለሁ። ካንተ ጋር ግን አልቆምም። ከተቆመ ማለቴ ነው።"

ጋሽ ይልማ እስከ አውሮራ ድረስ አልተናገሩም። ቤት ልንደርስ ስንል ብቻ፣ "ቪየና ቢሆን..." ሲሉ፣ "ጋሽ ይልማ!" አልኩ። ማክሰኞ ወደ ፈረሶቻቸው ተመለሱ። አየር ማረፊያ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ፤ ንግግሩ ሙዚየም ውስጥ የተሻለ ተቀባይነት እንደነበረው ሦስት ጊዜ ነገሩኝ።

ትዕግሥት ጫማውን አንስታ በሩ አጠገብ፣ ወጪ ገቢው እንዲያየው አድርጋ አስቀመጠችው፤ እንደ ኤግዚቢሽን። ሚኪ ደግሞ የላከልኝ የስልክ መልእክት አጭር ነው፦ "አጎቴ፣ አንድ ነገር ነበር እኮ የለመንኩህ።" ከዚያ ወዲህ ስደውል አያነሳም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ልጁ ሲወለድ የታቀፍኩት ልጅ ነው፤ ሠርጉን ያፈረስኩበት ሰው ሆኜ መኖር አልፈልግም።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ነገሩ አስቋችሁ ከሆነ ሳቃችሁን ጨርሱና አንድ ነገር አድርጉልኝ። ቆሞ መዋል የሚችል ሰው ስጡኝ። ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ዕቃ የሚያሽግ ዘመድ፣ ሆስፒታል ውስጥ ቆማ የምታድር ጎረቤት፣ ቅዳሴ ላይ መቋሚያ የማያስፈልገው አባት፣ ማንም ይሁን። አንደበት አልፈልግም፤ ንግግር ሞልቶናል። ዕድሜ አልመርጥም። ቪየናን ባያውቅ ደስ ይለኛል። ቅዳሜ አሥር ሰዓት ሞንትቤሎ ይድረስልኝና አቶ ደምሴ ያቺን ሁለተኛ ፊደል እስኪጨርሱ ድረስ ዝም ብሎ ይቁም። ጠዋት ላይ ግን የትም እንዳትወስዱት። አስቀምጡት።